ክፉ ወሬ ቢመጣ እንዴት እንንገርዎ?

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቁልፍ አስረከብኩ። በአንድ ትልቅ የሽቦ ቀለበት ላይ የተሰካ፣ በእያንዳንዱ ላይ የቤት ቁጥር በቀለም የተጻፈበት፣ ስራመድ እንደ በግ ቃጭል የሚንጫጫ የቁልፍ ዘለላ ነበር። የተረከበኝ ወጣት እየቆጠረ ፈረመልኝ፤ ክሊራንሴ ላይ ማኅተም ተመታ፤ አለቀ። አንድ ነገር ግን ማንም አልጠየቀኝም። ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ነበረኝ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር አልሰጠውም፤ የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ የሚከራከርም የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና እኔም ይዤው ቤቴ ገባሁ። አሁን የምጽፈው የዚያን ደብተር ነገር ነው፤ በተለይም በውስጡ ያለችው አንዲት ጥያቄ እንዴት እንደገባችና ምን እንዳስከፈለችኝ።

ሥራዬ የኮሌጃችንን የውጭ አገር መምህራን ተቀብሎ ማኖር ነበር። የቅጥር ደብዳቤዬ ረዥም ስም ሰጥቶኛል፤ የከተማችን ሰው ግን፣ ታች ሲቀላም ሆነ ላይ ሴቻ፣ የሚያውቀኝ "የህንዶቹ ማርቆስ" እየተባልኩ ነው። ስሙን እወደዋለሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያ እቀበላቸዋለሁ፣ ቤት አስገባቸዋለሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን እከታተላለሁ፣ ገበያ አወጣቸዋለሁ፣ ሲታመሙ ሐኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ፣ ውላቸው ሲያልቅ ደግሞ ሻንጣቸውን አስሬ እሸኛቸዋለሁ። ደመወዙ ቤተሰብ ለማኖር በቃ፤ ስለሱ ይህን ብቻ እላለሁ። በሥራዬ ግን እኮራለሁ። በዚህ አካባቢ ከኔ የበለጠ ህንዳዊ መምህር ያኖረ ሰው ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ስቀጠር ተላላኪ ነበርኩ። ከኮሌጃችን ሴቻ እስካሉት መሥሪያ ቤቶች ድረስ ደብዳቤ ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣና ስወርድ አራት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ጠሩኝና "እንግሊዝኛህ ደህና ነው ይባላል፤ ከዛሬ ጀምሮ ከአንጁሎ ጋር ነህ" አሉኝ። እንግሊዝኛዬ ደህና የሆነው ጨንቻ ስማር ፊዚክስ ያስተማሩኝ ህንዳዊ ስለነበሩ ነው። ጭንቅላታቸውን ወደ ግራና ቀኝ ወዝወዝ ሲያደርጉ ግማሹ ተማሪ "እምቢ ማለታቸው ነው" ሲል፣ "እሺ ማለታቸው ነው" ብሎ የተወራረደውና ያሸነፈው እኔ ነኝ። ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሽ አንጁሎ የዶርዜ ሰው ናቸው፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ አምሳ ተጠግቷል። አማርኛን የተማሩት ለሥራ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም ባንድ ያስኬዱታል። "ሚስትህ ደህና ነው?" ይሉኛል፤ ማርታም ሰምታ ትስቃለች። የቤት ነገር ግን ከሳቸው ይበልጥ የሚያውቅ አላየሁም። አንድ ልማድ ነበራቸው፦ አዲስ መምህር የሚገባበትን ቤት ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት ራሳቸው ያድሩበታል። በዚያው አልጋ፣ በዚያው አጎበር። መጀመሪያ ሳይ ከቤታቸው ተጣልተው የወጡ መስሎኝ ነበር።

"ቤት ቀን ቀን ይዋሻል" አሉኝ ስጠይቃቸው። "ስታየው ደህና ነው። ስትተኛበት ነው የሚናገር። ቧንቧው፣ ጣራ ላይ የሚሮጠው፣ አጎበሩ የተቀደደው፣ ሁሉም ይናገራል። አንተ ያላደርክበትን ለሰው አትስጥ።"

ጠዋት ሲወጡ የሚሠራውን ነገር በጣታቸው እየቆጠሩ ይነግሩኛል። ከዚያ ሁለት ባልዲ ውሃ እናስቀምጣለን፣ ቧንቧው መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅምና። ሻማና ክብሪት መስኮቱ ላይ፣ የበሰለ ሙዝ ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ ደህና ዱላ ደግሞ ከማድቤቱ በር ጀርባ። ዱላው ለዝንጀሮ ነው። ከጫካው ወርዶ ማድቤት መግባት የለመደ ዝንጀሮ በእንግሊዝኛ ቢጮሁበት አይሰማም። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያላደርኩበትን ቤት ለማንም አላስረከብኩም፤ ማርታ ትመስክር።

ዶክተር ሱንዳር የመጣው ሥራውን በደንብ ከለመድኩ በኋላ ነው። የደቡብ ህንድ ሰው፣ ታሚል፤ የውሃ ምሕንድስና ያስተምራል። አሁን "እሱ" እያልኩ የምጽፈው በኋላ ወንድሜ ስለሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ግን "ዶክተር፣ እርስዎ" ነበር የምለው። ባለቤቱን ላክሽሚን እና ገና ሦስት ዓመት ያልሞላትን ልጃቸውን ሚናን ይዞ መጣ። ሌላው አዲስ መምህር ሁሉ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ሙቀቱን ያማርራል። እሱ ግን ደረጃው ላይ ቆሞ አየሩን ወደ ውስጥ ሳበና "ለልጄ ሹራብ ይዤላታለሁ፣ ይበቃት ይሆን?" አለኝ።

ላክሽሚ በየማለዳው ደጃፏን አጥባ በሩዝ ዱቄት ሥዕል ትሥላለች፤ ነጥብ፣ መስመር፣ አበባ። የጽዳት ሠራተኛችን ዱቄት የፈሰሰ መስሏት ሳምንቱን ሙሉ ጠረገችው። ላክሽሚ ደግሞ ማን እንደሚጠርገው ሳትጠይቅ በማግስቱ እንደገና ትሥላለች። በስምንተኛው ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ "ይቺ ሴትዮ እጇ ይንቀጠቀጣል መሰለኝ፣ ሐኪም አሳዩአት" አለችኝ። ሁለቱን አገናኝቼ አስረዳሁ። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን የሚያጠፉት የጎረቤት ፍየሎች ብቻ ነበሩ።

ሥጋም ዓሣም አይቀምሱም። ሰው ደግሞ እንግዳ ማክበር ሲፈልግ የሚያመጣው የጫሞ ሐይቅን ዓሣ ነው። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ሱንዳር ሁለት እጁን አጋጥሞ እያመሰገነ ይቀበላል፤ በጓሮ በር ወደ እኔ ይልከዋል። ያን ዓመት የወፈርኩት በዚህ ነው። ላክሽሚ በተራዋ ሀለኮ ስታይ፣ ሽፈራው የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ያገሯን ሰው ያገኘች ያህል ጮኸች። እነሱ የሚበሉት ፍሬውን ነው፤ እኛ ቅጠሉን። "አይሆንም፣ ይመርራል" እያልናት የኛን ፍሬ ቀቅላ ቀመሰችው፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ ሳቀች። ማርታ ኩርኩፋ አሠራር አስተማረቻት፤ የበቆሎ ዱቄቱ ድብልብል ከሀለኮው ጋር ሲበስል ላክሽሚ ሲቀላ ከነጋዴው ሐጂ ሱቅ የገዛችውን ሰናፍጭ በዘይት አንጣጥታ ደፋችበት። ይኸው እስከ ዛሬ በቤቴ ኩርኩፋ የሚበላው እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስለማውቅ ህንድን የማውቅ መሰለኝ። ምን እንደሚበሉ፣ ጫማቸውን የት እንደሚያወልቁ፣ ድስታቸው ስንት ጊዜ ሲያፏጭ ምስሩ እንደሚበስል አውቃለሁ። እንዴት እንደሚያለቅሱ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በመጡ በሦስተኛው ዓመት የሱንዳር አባት ታመሙ። ሞባይል እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም። ከውጭ አገር የሚደወለው ስልክ የሚገባው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሱንዳር በየቀኑ ከክፍል ሲወጣ ብቅ ይልና "ማርቆስ፣ ስልክ አለ?" ይለኛል።

አንድ ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። መስመሩ ዝናብ የሚዘንብበት ቆርቆሮ ይመስላል። ታናሽ ወንድሙ ነው። "አባታችን አርፏል። ዛሬውኑ ይደውልልን" አለኝ። ሌላም ነገር ቀጠለ፤ ተንጫጫብኝ፤ ተቆረጠ።

ስልኩን አስቀምጬ በቀጥታ ወደ ጋሽ አንጁሎ ሄድኩ። ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ የበር እጀታ ሲፈቱ አገኘኋቸው።

"ማን ያውቃል?" አሉ።

"እኔ፤ አሁን ደግሞ እርስዎ።"

"ሌሎቹ ህንዶች?"

"አልነገርኳቸውም።"

"አትንገር። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ዛሬ እራቱን ይብላ፣ ይተኛ። ከነገ በኋላ እህልም እንቅልፍም የለም። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ይዘን እንሄዳለን።"

"ወንድሙ ግን ዛሬውኑ ይደውል ብሏል።"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አሉኝ። "የሞተ ሰው የት ይሄዳል? ሰውን መንገድ ላይ ለብቻው መርዶ ትነግረዋለህ? ጠላት ነህ?"

ልክ ናቸው አልኩ። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ አያቶቻችንም አባቶቻችንም እንዲህ ነው የተነገሩት። ጥፋቱን ግን በሳቸው ላይ አልጥልም። ህንዶቹን የማውቀው እኔ ነኝ፤ መጠየቅ የነበረብኝም እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሱንዳር መጣ። ሚና እጁን ይዛለች፤ ሁለቱም የባድሚንተን መምቻ ይዘዋል።

"ማርቆስ፣ ስልክ አለ?"

"የለም፣ ዶክተር።"

ፊቱ በራ። "እንግዲያው ዛሬ ተሽሎት ይሆናል" አለና ልጁን እየጎተተ ወደ ሜዳው ሄደ። እኔ በመስኮት እያየሁት ነበር። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ዕንባዬን ጠራረግኩ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ዘጠኝ ሆነን ሄድን፤ ጋሽ አንጁሎ፣ እኔ፣ የኮሌጁ ዲን፣ ጎረቤቶችና ሁለት የሱንዳር የሥራ ባልደረቦች። ላክሽሚ ደጃፏ ላይ ቁጢጥ ብላ ሥዕሏን ጀምራለች። ነጋዴም ተማሪም በዚያ ሰዓት ዘጠኝ ሆኖ አይመጣም። ቀና ብላ አየችን፤ ዱቄቱን የያዘው እጇ ባለበት ቀረ። ሥዕሉን ላለመርገጥ ዳር ዳሩን ይዘን ገባን።

ጋሽ አንጁሎ ቆመው ተናገሩ፣ እኔ ተረጎምኩ። ሱንዳር ሰምቶ ሲያበቃ መጀመሪያ የጠየቀው ይህንን ነው።

"መቼ ተደወለ?"

"ትናንት" አልኩ።

"በስንት ሰዓት?"

"በአሥር ሰዓት።"

"እኔ በአሥራ አንድ ሰዓት ጠይቄህ ነበር።"

መልሴን ሳይጠብቅ፣ የለበሰውን ለብሶ ወደ ቢሮዬ ሮጠ። መስመሩ እስኪገኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በታሚልኛ ነው ያወሩት፤ ቃሉ አልገባኝም፤ ጠረጴዛዬን የያዘውን እጁን ነበር የማየው። ሲጨርስ ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠውና በእንግሊዝኛ አስረዳኝ። በነሱ ዘንድ የአባትን አስከሬን እሳት የሚለኩሰው የበኩር ልጅ ነው። ወንድሙ በዚያ በተንጫጫው መስመር የነገረኝ፣ አስከሬኑን በበረዶ አስተኝተናል፣ እመጣለሁ ካለ ሁለት ቀን እንጠብቀዋለን፣ እስከ ጠዋት ካልደወለ ግን እናወጣዋለን የሚለውን ነበር። የሐሙስ አውሮፕላን ያን ዕለት ጠዋት ነበር የሚነሣው። ቀድሞ ቢነገረው ይደርስ ነበር። እነሱም ሌሊቱን ሙሉ ስልካቸው አጠገብ ተቀምጠው ጠብቀዋል። ፀሐይ ስትወጣ ታናሽየው ለኮሰ።

"ማርቆስ፣ ልጅ ለአባቱ የሚያደርገው የመጨረሻ ነገር እሱ ነበር" አለኝ። "እየጠበቁኝ ነበር።"

ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልሰደበኝም። ዲኑ ፈቃድ ልስጥህና ሂድ ሲሉት "አሁን ለምን?" ብሎ ቀረ። ፀጉሩን ተላጨ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል፤ ለቧንቧም ለመብራትም ሰው የሚልከው ወደ ሌላ ሰው ሆነ። በሥራዬ ያን ያህል ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ሰው አገሩን ጥሎ ሲመጣ የሚያምነው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ፊት ለፊት ቆሜ ዋሸሁት። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ልዛወር ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ።

ጋሽ አንጁሎ ማመልከቻዬን አንብበው በኪሳቸው ከተቱት። እሳቸው ከዚያች ጠዋት ጀምሮ በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ የሱንዳር በረንዳ ላይ ሄደው ይቀመጣሉ። እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ሱንዳርም ከሰላምታ ያለፈ አማርኛ አልነበረውም። ዝም ብለው ተቀምጠው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነሣሉ።

"አጥፍተናል" አሉኝ። "ያጠፋ ሰው ሄዶ ይቀመጣል። አንተ ለምን በጓሮ መንገድ ትሄዳለህ?"

በዘጠነኛው ቀን ላክሽሚ ራሷ ቢሮዬ መጣች። መቀመጫ ብሰጣትም አልተቀመጠችም።

"ለነገ ጠዋት የሙዝ ቅጠል፣ ሰሊጥና ንጹሕ ወንዝ እፈልጋለሁ" አለችኝ። "የምታመጣው አንተ ነህ። ሌላ ሰው እንዳትልክ።"

የሙዙን ቅጠል ከጓሮዬ ቆረጥኩ። ሰሊጡን ከሐጂ ሱቅ ሳመጣ ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ሐጂ የስልጤ ሰው ናቸው፣ ከሲቀላ ትልልቅ ነጋዴዎች አንዱ፤ "የአባት ነገር ነው" ብለው እፍኝ ጨመሩበት። ጠዋት ከኩልፎ ወንዝ ከላይ፣ ልብስ የሚያጥቡት ሳይደርሱ፣ ውሃው ድንጋዩን እስኪያሳይ ጥርት ያለበት ቦታ ወሰድኳቸው። ጋሽ አንጁሎም አብረውን ነበሩ።

ሱንዳር ነጭ ልብስ አገልድሞ ውሃው ውስጥ ገባ፣ ወጣ። የበሰለ ሩዝ ከሰሊጥ ጋር ድብልብል አድርጎ በሙዝ ቅጠሉ ላይ፣ ቅጠሉን ደግሞ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ወደ ኋላ ሸሸ። "ቁራ መጥቶ ከበላው አባቴ ተቀበለኝ ማለት ነው" አለ። ለማን እንደተናገረ አላውቅም።

ጠበቅን። ቁራ የለም። ሌላ ቀን ማድቤት የሚገባብን ቁራ፣ ያን ጠዋት የት እንደሄደ እንጃ።

"በዚህ ሰዓት ቄራው ጋ ነው" አሉ ጋሽ አንጁሎ በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ ከጫካው አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ወጣ። ሩዙን አይቷል። ዓይኑን ከቅጠሉ ሳያነሣ በድንጋዩ ላይ ረገጥ ረገጥ እያለ መጣ። የሰውየው አባት እህል በኔ ፊት የዝንጀሮ ሊሆን ነው! እንጨት አነሣሁና ሮጥኩበት። ሸሸ፤ በሌላ በኩል ዞሮ መጣ። እንደገና ሮጥኩበት። በሦስተኛው ድንጋዩ አንሸራተተኝና እስከ ወገቤ ኩልፎ ውስጥ ገባሁ፤ እዚያው ቆሜ እንጨቱን እያወዛወዝኩ በጋሞኛ የማላውቀው ስድብ ሁሉ ወጣኝ። ጥርሱን አሳየኝ፤ እኔም አሳየሁት። በመጨረሻ ዞር ብሎ ሄደ።

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ሱንዳር ነው፤ በተላጨ ራሱ፣ ውሃ እየተንጠባጠበው፣ አፉን በእጁ ይዞ ይስቃል። ሳቁ ሳያልቅ አንገቱ ነጭ የሆነ ቁራ ከዛፉ ወረደ። ቅጠሉ ላይ ቆመ፣ ግራና ቀኝ አየ፣ በላ። ከዚያ ሱንዳር አለቀሰ፤ ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን ነገሩን የሰማ አንድ ወንድም "እንዴት እንደዚህ ያለ ሥርዓት ላይ ትቆማለህ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። "እኔ ያባረርኩት ዝንጀሮ ነው፤ ሌላውን ጌታ ያውቃል" አልኩት። ዛሬም ቢጠይቀኝ መልሴ ያው ነው።

ከወንዙ ስንመለስ ሱንዳር አጠገቤ ሆነ። "ለምን እንደዚያ አደረግክ?" አለኝ። የመርዶን ነገር አስረዳሁት፤ ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ ለብቻው እንዳይወድቅ፣ የሚይዘው እጅ አጠገቡ እንዲኖር፣ ጉልበት እንዲኖረው ቀድሞ እንዲበላ። ብዙ ካዳመጠኝ በኋላ "ለደግ ነው ያደረግከው" አለ። "ግን የኔ አባት ነው፣ ማርቆስ። ጠይቀኸኝ ነበር?"

ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ከፈትኩ። በእያንዳንዱ መምህር ገጽ ላይ የቤት ቁጥሩ፣ የፓስፖርቱ ነገር፣ የማይበላው ምግብ፣ የሚታመመው በሽታ ነበር የተጻፈው። ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ክፉ ወሬ ቢመጣ እንዴት እንንገርዎ?

ማመልከቻዬን ጋሽ አንጁሎ ከኪሳቸው አውጥተው መለሱልኝ፤ እኔው ቀደድኩት። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን መምህር ሁሉ ቧንቧውን፣ አጎበሩንና የዝንጀሮውን ዱላ ካሳየሁት በኋላ አስቀምጬ ይህን እጠይቀዋለሁ። መጀመሪያ ይደነግጣሉ። ሞት ልታመጣብን ነው ያለኝም አለ። ሲገባቸው ግን አስበው ይመልሱልኛል። አንዷ "ለባለቤቴ ንገረው፣ ከሱ አፍ ልስማ" አለችኝ። ሌላው "በወረቀት ጽፈህ በበሩ ሥር አስገባልኝና ሂድ" አለ። አንድ ገና ያላገባ የሒሳብ መምህር ደግሞ "ክፍል ውስጥም ብሆን ገብተህ ጥራኝ፤ አንዲት ደቂቃ አታቆይ" አለኝ።

የሒሳብ መምህሩ ቀን መጣ። ያረፉት እናቱ ናቸው። ስልኩን እንዳስቀመጥኩ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ተማሪው ክፍሉን ሞልቶታል፤ እሱ ጠመኔ ይዞ ጀርባውን ሰጥቶናል። ያደግኩበት ነገር ሁሉ እግሬን ይይዘኛል። ቢሆንም ገባሁ፤ ጠራሁት፤ በሩ ላይ ነገርኩት። ጠመኔውን በእጄ አስይዞኝ ሄደ። አውሮፕላኑ ደረሰለት። ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ቢሮዬ መጥቶ "ደረስኩ" አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። በሥራ ዘመኔ የተሰጠኝ ትልቁ የምስክር ወረቀት እሱ ነው።

በሱንዳር ገጽ ላይ መልሱን ራሱ ነበር የጻፈው፦ "ወዲያውኑ።" ከዚያ ቀና ብሎ "አንተስ?" አለኝ።

"እኔንማ እንዳገሬ ነው" አልኩት። "ጠዋት፣ ከሰው ጋር፣ ከበላሁ በኋላ።"

ከደረት ኪሱ ትንሽ ማስታወሻ አውጥቶ እየሳቀ ጻፈው። እኔም ሳቅኩ።

አሥራ አንድ ዓመት ከኛ ጋር ኖሩ። ሚና ከልጆቼ ጋር አድጋ በአማርኛም በጋሞኛም ትሳደባለች። ሲሄዱ ማርታና ላክሽሚ ተቃቅፈው አንላቀቅ ብለው አውሮፕላን ሊያመልጣቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በየወሩ እደውላለሁ፤ ሱንዳር የኩልፎን ውሃ ልክ ይጠይቀኛል፣ እኔ የልጁን ትምህርት። አሁን የውጭ አገር መምህራን ጥቂት ናቸው፤ በነሱ ቤት የሚኖሩት መምህር የሆኑት የኛው አገር ልጆች ናቸው፤ እነሱን ያስተማሩት እነዚያ መሆናቸውን ሳስብ ሙያዬ በመቀነሱ ቅር አይለኝም።

ዘንድሮ፣ ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ወራት አልፈውኝ፣ እንደ ልማዴ ደወልኩ። ያነሣችው ሚና ናት።

"አባባ ተኝቷል፣ ጋሼ" አለችኝ። "እማማም ወጣ ብላለች። ሁላችንም ደህና ነን።"

ድምፅዋ ትንሽ ቀጠን ብሎብኛል፤ የመስመሩ ነው አልኩ። ያን ዕለት ማርታ ለእራት ኩርኩፋ ሠርታ ሰናፍጩን አብዝታ አቀረበች፤ እኔ ልነሣ ስል "ጨርስ" አለችኝ። ጨረስኩ። ዓይኗን ግን አላሳየችኝም።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ አንጁሎ በከዘራ ተደግፈው ቆመዋል፤ ከሲቀላ በባጃጅ ነው የወጡት። ከኋላቸው ሐጂ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶቼ። በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ሰው ለምን እንደሚመጣ ከኔ የበለጠ ማን ያውቃል? መጀመሪያ ያሰብኩት አዲስ አበባ ያለውን ልጄን ነው፤ ማርታን ዞር ብዬ ሳያት ግን ራሷን ነቀነቀች።

ጋሽ አንጁሎ አስቀመጡኝና እጄን ያዙ።

"ማርቆስ" አሉ፣ "ሱንዳር አርፏል።"

"መቼ?" አልኩ።

"ከትናንት ወዲያ።"

"ትናንትና ደውዬ ነበር እኮ!"

"እናውቃለን" አሉኝ። "ልጁ ነግሮናል።"

ልጁ ያሉት ሚናን ነው። ጮኼ አለቀስኩ፤ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። ትከሻዬን የያዘኝ እጅ ስንት እንደነበር አላውቅም፤ መሬት ግን አልነካሁም።

ሰው ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ ወደ ጓዳ ገብቼ ሚናን ደወልኩላት። "ልጄ፣ ለምን ዋሸሽኝ?" አልኳት፤ እንደ ወቀሳ አይደለም።

"ጋሼ፣ አባባ ጽፎት ነበር" አለችኝ እያለቀሰች። "ሲደክም ያንን ማስታወሻ አውጥቶ ሰጠኝ። 'ማርቆስ፦ ጠዋት፣ ከሰው ጋር፣ ከበላ በኋላ' ይላል። ለጋሽ አንጁሎ ደወልኩ፣ ማርታን እራት እንድታበላህ ነገርኳት። አንተ ስትደውል ግን... በጣም ከበደኝ፣ ጋሼ። ልነግርህ ነበር።"

"እሳቱንስ ማን ለኮሰ?"

"እኔ። ሌላ ልጅ የለውም አይደል? አንቺ ነሽ የምትለኩሺው ብሎኝ ነበር።" ከዚያ ጠየቀችኝ፦ "አጠፋሁ እንዴ፣ ጋሼ?"

"አላጠፋሽም" አልኳት። "እንዳገሬ ነው ያረዳሽኝ።"